«ኦሪጅናል ሳውንድ» እና በጆንያ የጣልኳቸው ካሴቶች

በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የእህቴ ልጅ እንደ ዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ በአንድ እጇ ሲኒዋን፣ በሌላው ስልኳን ይዛ ቪዲዮዎቹን በአውራ ጣቷ ሽቅብ ትገፋለች። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ዝናብ የሚወርድበት መስኮት፣ መስኮቱ ሥር የተኛ ግራጫ ድመት፣ ከጀርባው ደግሞ ለብቻው የሚጫወት ፒያኖ። ቪዲዮው ከአሥራ አምስት ሰከንድ አይበልጥም፤ ሲያልቅ መልሶ ይጀምራል፤ እሷም የረሳችው ይመስል እንዲዞር ተወችው። አራተኛው ዙር ላይ እናቴ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀና ሳታደርገው «ይሄማ እማሆይ ናቸው» አለች።

የእህቴ ልጅ ወደ ስልኩ አየት አደረገችና «አይ እማማ፣ ‹ኦሪጅናል ሳውንድ› ነው የሚለው» ስትል መለሰች። እውነቷን ነው፤ ከቪዲዮው ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ይኸው ነበር፤ አጠገቡ ያለው ስምም የድመቱ ባለቤት መለያ ነው። እናቴ አልተከራከረችም። ልጅ ሆና አዲስ አበባ ለትምህርት ስትመጣ ያረፈችበት አክስቷ ቤት ሸክላው እንደነበር፣ ለእጓለ ማውታ መርጃ ተብሎ የተገዛ እንደነበር፣ አክስቷም በጾም ወራት ዘፈን ስለማይከፈት እሱን ብቻ ታስከፍት እንደነበር ነገረችንና ሦስተኛውን ልትጥድ ተነሣች። በጾም የሚሰማ ዘፈን ያልሆነ ሙዚቃ! እኔ ብዙ የተጻፈለትን የመነኩሲቷን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሙዚቃ ከዚህ በተሻለ የገለጸ ሰው አላጋጠመኝም።

ቲክቶክ ለማይከታተል አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። አንድ ሰው ቪዲዮ ሲጭን ሙዚቃውን ከመተግበሪያው ማኅደር የመረጠው ከሆነ የሥራውና የሠሪው ስም አብሮ ይወጣል። ድምፁን ከሌላ ቦታ ቀድቶ ከራሱ ምስል ጋር ካስገባው ግን፣ መተግበሪያው ሙዚቃውን አንዳንዴ ለይቶ ቢያውቀውም ሁልጊዜ አይሳካለትምና፣ ድምፁን የጫኚው አድርጎ መዝግቦ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፍበታል። ከዚያ በኋላ ያንን ድምፅ ወስዶ የልጁን የመጀመሪያ እርምጃ፣ የአያቱን ፎቶግራፍ ወይም የጠዋት ቡናውን የሚያጅብበት ሁሉ የሚያየው ይህንኑ የጫኚውን ስም ነው። መጀመሪያ የጫነ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። አንድ ሥራ ከሠሪው ስም ተፋትቶ ዓለምን ለመዞር ክፉ ሰው እንኳ አያስፈልገውም፤ ድመቱን የሚወድ ሰው ይበቃል።

የዚያን ዕለት ግን እንዲህ ረጋ ብዬ አላሰብኩም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር ወደ ቤቴ የገባሁት።

እኚህ «ኦሪጅናል ሳውንድ» ተብለው የቀሩት ሰው የተወለዱት በ1923 አዲስ አበባ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ ሙዚቃውን ሰብስበው የመዘገቡት ፈረንጆች ስለሆኑ ዘመኑም በእነሱ ቆጠራ ተይዟል፤ ይህም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።) የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ እህታቸው ደግሞ በኋላ በፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ የሆኑት ስንዱ ገብሩ። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ጀመሩ። ጣሊያን ሲገባ ቤተሰቡ ተግዞ ሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው በአሲናራ ደሴት ታሰረ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮዊች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ተማሩ። ቀጥሎ ለንደን የመማር ዕድል ተከፈተላቸው፤ ፈቃዱ ግን ተከለከለ።

ከዚያ የሆነውን እያንዳንዳችን እንደ ዝንባሌያችን እናነብበዋለን። ወጣቷ ባለሙያ እህል አልቀምስም ብለው ታመሙ፤ ከሕመማቸው ሲነሡ ልባቸው ወደ ሌላ ዞረ፤ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ አሥር ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው ኖሩ። የውብዳር ጽጌ ማርያም ሆኑ። ወደ ፒያኖ ሲመለሱ የመጡት አውሮፓ ከተማሩትም፣ ከቅዱስ ያሬድ ዜማም፣ ከትዝታና ከባቲ ቅኝትም ያለበት፣ ግን ከአንዱም ጋር ልክ የማይገጥም ጨዋታ ይዘው ነው። ምቱ ይዘገያል፤ ይቸኩላል፤ አንዳንዴ ትንፋሽ እንደሚወስድ አንባቢ መሐል ላይ ቆም ይላል። በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢው ለችግረኛ ልጆች ዋለ። በ1984 ኢየሩሳሌም ወዳለው የደብረ ገነት ገዳማችን ሄዱ፤ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ከፒያኗቸው ጋር ወደ አርባ ዓመት ገደማ ኖረው፣ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ።

ይህ ሁሉ ሕይወት ወደ አሥራ አምስት ሰከንድ ተጨምቆ የድመት ማጀቢያ ሆነ ብዬ ነበር የተናደድኩት። ለእህቴ ልጅ በዚያው ምሽት ረዥም መልእክት ጻፍኩላት። እሷም አንብባ አንዲት ጥያቄ ብቻ መለሰችልኝ፦ «አንተስ መጀመሪያ የሰማሃቸው የት ነው?»

በሬዲዮ ብላት ደስ ባለኝ። የሰማኋቸው ከአውሮፓ የመጣ ወዳጄ ባመጣልኝ በተቀዳ ሲዲ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ‹ኤትዮፒክ› በሚል ስም በተከታታይ ካሳተማቸው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስቦች መካከል ሃያ አንደኛው በ2006 የወጣው የእማሆይ ነው፤ ወዳጄ የቀዳልኝም ያንኑ ነበር። እኔ ያኔ ዕድሜዬ ከሠላሳ የዘለለ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ የምል፣ ሙዚቃ ዐውቃለሁ ብዬም የምመጻደቅ ሰው ነበርኩ። እናቴ በልጅነቷ የሰማችውን እኔ ለመስማት በፓሪስ በኩል መዞር ነበረብኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ በድመት በኩል ዞረች። ልዩነታችን የመንገዱ ርዝመት ነው እንጂ ሁለታችንም ከቤታችን አልሰማንም።

በማግሥቱ ስሙን እዚያው ቪዲዮ ሥር ልጽፍ ብዬ የሥራውን ርእስ ላጣራ ፍለጋ ገባሁ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን የአማርኛ አንባቢ ሳልጨርስ ይገነዘበዋል። በጸሎቱ «ጽ» ስጽፈው አንድ ነገር መጣ፤ በፀሐዩ «ፅ» ስጽፈው ሌላ። ስሙን አሳጥሬ «ጽጌ» ብዬ ስሞክር ማኅሌተ ጽጌ ከየደብሩ ጎረፈልኝ፤ ደስ የሚል ስሕተት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቆየሁበት። «ማርያም»ን «ማሪያም» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ «ጽጌማርያም» ብሎ የሚያጣብቅ አለ። በላቲን ፊደል ደግሞ የባሰ ነው፤ ፈረንሳዮቹ በየአናባቢው አናት ላይ ጭረት ደፍተው ይጽፉታል፣ እንግሊዞቹ ጭረቱን ያነሡታል፣ የኛ ልጆች እንደ ጆሯቸው ይጽፉታል። እኛ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»ን እያለዋወጥን ስንጽፍ ሰው ስለሚያነበው ተግባብተን እንኖራለን። ማሽኑ ግን የለመደውን ካላገኘ የአንድን ሰው ሥራ ለሦስት ለአራት ሰው ያከፋፍለዋል። በልጅነታችን ስለ ሞክሼ ፊደላት የተከራከሩ ሊቃውንትን «ሥራ ፈት» ስንል የነበርን ሰዎች ነን እንግዲህ አሁን የምንቀጣው።

የእህቴ ልጅ ጥያቄ አልለቅ ብሎኝ ሳለ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ትዝ አለኝ። ኃይሉ ‹ዋልያስ› በተባለው ባንድ ውስጥ በ1970ዎቹ ኦርጋን የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ ባንዱ ሒልተን ሆቴል ይሠራ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሄደ፤ ከባልደረቦቹ የተወሰኑት ተመለሱ፣ ኃይሉ ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ሆነው፣ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ከከበሮ ማሽን ጋር እያጣመሩ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። ካሴቱ አገር ቤት ወጣ፤ ተሸጠ፤ ተረሳ። እሳቸው ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ይዘው፣ ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ያወጡትና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከኋላ የተሳፈረ መንገደኛ፣ ሐበሻውም ፈረንጁም፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ አያውቅም።

አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985ቱን ካሴት ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ስልካቸውን አፈላልጎ ደወለላቸው፤ በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው አውሮፓና አሜሪካን ዞሩ። በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተረት በደስታ አውርቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን ዓይኔ የሚያርፈው ሰውየው ላይ ሳይሆን ባሕር ዳር ያለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እኔም መደርደሪያ ነበረኝ።

ቤት ስንቀይር ሁለት ጆንያ ካሴት ጥያለሁ። ልክ ነው፣ ጆንያ፤ የከሰል። ከወንድሜ የወረስኳቸው፣ ከሙዚቃ ቤት በምሳ ገንዘቤ የገዛኋቸው፣ ባዶ ስድሳ ደቂቃ ወስጄ «ምርጥ ምርጡን» ያስቀዳኋቸው ሁሉ ነበሩ። የሚያጫውታቸው ቴፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ክራቸው የተበላ አለ፣ በእርሳስ እያዞርኩ ያጠነጠንኩት አለ፣ ሽፋኑ ጠፍቶ በሌላ ሰው ሽፋን ውስጥ የሚኖር አለ። «ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» ነበር ያልኩት። ጆንያዎቹን ለቆራሌው ሰጠሁት፤ ካሴቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ፕላስቲኩ እንኳ አይረባም ብሎ በነፃ ወሰደልኝ። የወሰደውን ስም ዝርዝር ዛሬ ልጽፈው አልችልም። በእኔ ጆንያ ውስጥ የማን ታክሲ ነጂ፣ የማን መነኩሴ እንደነበረ አላውቅም። ሁሉም ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የለም፤ ፈልጌያለሁ።

ስለዚህ «ቅርሳችንን ዘረፉን» የሚለው ጩኸት በየአስተያየቱ ሥር ሲነሣ አሁን እንደ ድሮው ፈጥኜ አልቀላቀልም። የጩኸቱ ግማሽ እውነት ነው፤ በተለይ ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከሙዚቃው የተገኘው ሳንቲም ለባለቤቱ ወይም ለወራሾቹ መድረሱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አገራችንም በ1996 ዓ.ም. (ይህ በኛ ነው) የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410ን ያወጣችው ለዚሁ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን እኛን ይመለከታል። በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ጥሶ የዘመኑን ወጣቶች በራሱ ገንዘብ ያሳተመው ዐምሃ እሸቴ ያገራችን ሰው ነው፤ ፋልሴቶም ስብስቡን ሲጀምር የተመረኮዘው ዐምሃ ባሳተማቸው ሸክላዎች ላይ ነው። ዐምሃ በ2021 ሲያርፍ የሐዘን ጽሑፍ ፍለጋ ስልኬን ስገፋ ያመሸሁት በሁለት ታዋቂ ሰዎች የቀጥታ ስርጭት ጠብ መሐል ነበር። እኔም ጠቡን ጨርሼ አይቻለሁ፤ አልዋሽም።

የእህቴ ልጅና ጓደኞቿ ሌላም ነገር ያደርጋሉ። የድሮ ዘፈን ወስደው ፍጥነቱን ይቀንሱታል፤ በላዩ ላይ የትልቅ አዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት ይጨምሩበታል፤ ከዚያ አያቶቻቸው በአፍሮ ጠጉርና በሰፊ ሱሪ ፒያሳ የተነሡትን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ያጅቡበታል። መጀመሪያ ሲያሰሙኝ ካሴት ማጫወቻዬ ባትሪ ሲጨርስ የሚያወጣውን ድምፅ ነበር ያስታወሰኝ፤ እኛ ለማዳን ባትሪውን በጥርሳችን እየነከስን የታገልነውን ጉድለት እነሱ ሆን ብለው ይሠሩታል ብዬ ሣቅሁ። ደጋግሜ ስሰማው ግን የትዝታ ዜማ ሲዘገይ ደስ የሚል ነገር አለው፤ እንዲያውም የድሮ አዝማሪ መሰንቆውን ሲያስለቅስ ይበልጥ ወደዚያ ይቀርባል። በአንጻሩ በሕይወት የሌሉ ድምፃውያንን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስለው ያልዘፈኑትን የሚያዘፍኑትን አልወደድኩም። ለምን እንደሆነ ብዙ ማብራሪያ የለኝም፤ ሬሳ እንደ ማነጋገር ይሰማኛል።

በእነዚህ ዘፈኖች ሥር ከሚጻፈው ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የማነብበው አንድ ዓይነት አለ። ዩቲዩብ ላይ ማንኛውንም የቆየ ትዝታ ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ፤ «ከጅዳ»፣ «ከቤይሩት»፣ «ከዱባይ» የሚል አስተያየት አታጡም። ብዙዎቹ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው፤ ማታ ሥራ አልቆ፣ የቤቱ ሰዎች ተኝተው፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙ። አንዷ የዘፈኑን ግጥም አንድ ስንኝ ትጽፋለች፤ ሌላዋ፣ የማታውቃት፣ ከሌላ አገር ሆና ቀጣዩን ስንኝ ከሥር ትሞላላታለች። ከዚያ ሌላዋ። ማንም ይህን አላዘዘም፤ ቅብብሎሹ ልክ እንደ ሠርግ ቤት ጭፈራ ነው፤ ተቀባዮቹ ግን በሦስት ባሕር ተለያይተዋል። እዚያ ላይ ስለ «ኦሪጅናል» የሚጨነቅ አላየሁም፤ የዘፋኙን ስም ግን ሁሉም ያውቁታል፤ ካላወቁም ይጠይቃሉ፣ ሰው ይነግራቸዋል።

ከእነሱ ተምሬ ነው በድመቱ ቪዲዮ ሥር ያሰብኩትን ረዥም ወቀሳ ትቼ ስሙን ብቻ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የጻፍኩት፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ፒያኖ፣ ኢትዮጵያ። የድመቱ ባለቤት ሁለት ቀን ቆይቶ ልብ ምልክት አደረገበት። ጽሑፉን አስተካክሎ ስማቸውን ይጨምራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጨመረም። ከሥሬ ግን አንድ የማላውቀው ሰው በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጽፏል፤ ሳስተረጉመው «አመሰግናለሁ፣ ሦስት ወር ስፈልገው ነበር» ይላል።

እማሆይ ካረፉ በኋላ፣ በ2024፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤታቸው ሆነው በካሴት የቀዷቸው ሥራዎች በአልበም ወጥተዋል። በእነዚህ ላይ ፒያኖውን ብቻ ሳይሆን ድምፃቸውን እንሰማለን፤ በአማርኛ ይዘምራሉ፤ ገና ከአገር ሳይወጡ ስለ አገር ናፍቆት። ለትንሣኤ እናቴ ቤት ስሄድ በስልኬ ይዤላት ሄድኩ። የእህቴ ልጅ ትንሿን ድምፅ ማጉያ ከቡናው ረከቦት አጠገብ አስቀመጠችው። እናቴ የፒያኖውን የመጀመሪያ ምቶች ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ድምፃቸው ሲገባ ግን እጇ ላይ ያለውን ማጨሻ አስቀመጠች። ሲዘምሩ ሰምታቸው አታውቅም ነበር።

ካሴቱ የተቀዳው ቤት ውስጥ ስለሆነ ከድምፃቸው ጋር የውጭው ወፎች ይሰማሉ። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆየችና ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው። ወፎቹ አልተቋረጡም። «የእሳቸው ናቸው» አለችና መልሳ ከፈተችው።